ዲዲቲና የጡት ካንሰር፦ ወሳኙ የተጋላጭነት ዕድሜ ነው

የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት እ.ኤ.አ. በ1939 የደረሰበት ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፖል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ኬሚካሉ ከወባና ከታይፈስ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ሆኖም ቶሎ አይበሰብስም፤ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ከእናት ወደ ጽንስም ይተላለፋል። አንዱ ዓይነቱ የኢስትሮጅን ሆርሞንን ጠባይ ስለሚይዝ በጡት ካንሰር አምጪነት ሲጠረጠር ቆይቷል።

የታማሚዎችንና የጤነኞችን ደም ያነጻጸሩ አብዛኞቹ ጥናቶች ግን ልዩነት አላገኙም። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ተካሂዶ በ2002 ይፋ የሆነው ትልቅ ጥናትም እንዲሁ። ችግሩ ደሙ የተቀዳበት ጊዜ ነበር፤ ሴቲቱ ከታመመች በኋላ የተወሰደ ደም በልጅነቷ የደረሰባትን በትክክል አያሳይም።

ክፍተቱን የሞላው በካሊፎርኒያ ኦክላንድ አካባቢ የተቀመጠ ደም ነው። ደሙ ከ1959 እስከ 1967 ከተመዘገቡ ነፍሰ ጡሮች የተቀዳ ሲሆን፣ ያ ወቅት ዲዲቲ በአሜሪካ በብዛት የሚረጭበት ነበር። ተመራማሪዋ ባርባራ ኮንና ባልደረቦቿ በ2007 እንዳሳወቁት፣ 14 ዓመት ሳይሞላቸው ለኬሚካሉ ከተጋለጡት መካከል በደማቸው ከፍተኛ መጠን የተገኘባቸው ሴቶች ከ50 ዓመታቸው በፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ዘግይተው በተጋለጡት ላይ ይህ አልታየም። በ2015 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በማኅፀን ሳሉ ብዙ ዲዲቲ በደረሳቸው ሴት ልጆች ላይ ስጋቱ አራት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። ጡት በማኅፀንና በጉርምስና ጊዜ ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ ለሆርሞን መሰል ኬሚካሎች ይበልጥ ስስ ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በወባማ አካባቢዎች ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ተረጭቷል፤ የወባ ትንኝ ስለተላመደችው በሌሎች ኬሚካሎች ቢተካም፣ በጅማ ዙሪያ በተወሰደ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ጡት ማጥባትን ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ማጥባት የእናትየዋን የጡት ካንሰር ስጋት ይቀንሳልና።

እንግዲህ የፀረ ተባይ ደኅንነት በጎልማሳ አካል ብቻ ሊለካ አይገባም፤ መለኪያው ነፍሰ ጡሯና ልጃገረዷ መሆን አለባቸው። ገበሬው የመድኃኒቱን ዕቃ ለውኃ መቅጃ አያውል፤ በርጭት ሰዓትም ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ከማሳ ይራቁ። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴትም፣ ባያማትም እንኳ፣ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።