ፀሐይ ወንድ ሴት አትልም

የጤና ዓምድ

ዛሬ ስለ ፀሐይ እናነባለን። ጽሑፉ ለሁሉም ነው፤ በተለይ ግን ለወንዶች ነው።

ከማታ ተማሪዎቻችን አንዱ ታታሪ ገበሬ ናቸው። ባዶ ራሳቸውን ሲያርሱ ይውላሉ። «ጋሼ፣ ምነው ባርኔጣ ቢያደርጉ?» አልናቸው። «ኧረ ተዉኝ! ከፀሐይ መሸሸግ የሴት ነው። ወንድ ልጅ ፀሐይ ይፈራል እንዴ?» አሉን።

እኚህ ሰው አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ቆዳውም ፀጉሩም ነጭ ነው። ከብት ይጠብቃል። እሱም ባዶ ራሱን ይውላል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጆሮው ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጥቷል። «ይጠንክር ብዬ ነው» አሉን አባቱ።

ቆዳ ግን በፀሐይ አይጠነክርም። ይቃጠላል።

በቆዳችን ውስጥ ቀለም አለ። ስሙ ሜላኒን ይባላል። ይህ ቀለም ከፀሐይ ይጠብቀናል። ጥቁር ቆዳ ብዙ ቀለም ስላለው ቶሎ አይቃጠልም። ይሁን እንጂ ፀሐይ ጨርሶ አትጎዳንም ማለት አይደለም። ከንፈርና መላጣ ራስ ይጎዳሉ። ዓይንም ለብዙ ዓመት ፀሐይ ከመታው ሞራ ሊሸፍነው ይችላል።

ልጁ ሲወለድ ይህ ቀለም የለውም። ይህም አልቢኒዝም ይባላል። እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ ነው። ካልተጠነቀቁ ግን የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ፣ ሰውን ገና በወጣትነቱ ሊገድል ይችላል።

«የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ፀሐይዋ ምን ታደርገናለች?» የሚሉ አሉ። አይከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል። ደመናም ጨረሩን ሁሉ አያግደውም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርዱ ወንድሞቻችን ደግሞ ከጨረሩ ሌላ ከባድ ሙቀት ይጠብቃቸዋል። ውኃ ሳይጠጡና ሳያርፉ ከዋሉ ራሳቸውን ሊስቱ፣ ሊሞቱም ይችላሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ እናድርግ። ባርኔጣ ከሌለ ነጠላ ወይም ፎጣ እንጠምጥም።
2. እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ እንልበስ።
3. ፀሐይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ትበረታለች። ሰዓት ከሌለን ጥላችንን እንይ። ጥላችን ከቁመታችን ካጠረ ዛፍ ሥር እንረፍ። ከባዱን ሥራ በማለዳና ወደ ማታ እንሥራ።
4. ውኃ ደጋግመን እንጠጣ።
5. ቅቤና ቫዝሊን ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ ፀሐይ አያግዱም። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ከመድኃኒት ቤት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ገዝቶ ይቀባ። ባርኔጣና ረጅም ልብስም አይለየው።
6. አንድ ወር ሞልቶት ያልዳነ ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ይህን ሁሉ ከአባትየው ጋር ተነጋገርን። «ቄሱስ ጥላ ይይዙ የለም? ማን ሴት ናቸው አላቸው?» ስንላቸው ሳቁ። ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። አሁን ቁስሉ እየታከመ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ሁለት ባርኔጣ ገዙ። «ሁለት ለምን?» አልናቸው። «እኔ ካላደረግሁ በእሱ ይስቁበታል» አሉን።

በማግስቱ ሁለቱም ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ እርሻ ሲወርዱ አየናቸው። የሳቀ ሰው አላየንም።

ጥያቄዎች
1. ከፀሐይ የሚጠብቀን የቆዳ ቀለም ምን ይባላል?
2. ሰዓት ከሌለን ፀሐይ መበርታቷን በምን እናውቃለን?
3. አባትየው ሁለት ባርኔጣ የገዙት ለምንድን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁም ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።