አርጩሜ ይዞ ስለ መብት ማስተማር

በዚህ ዘመን የተማሪ ቤት ነገር በተነሣ ቍጥር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «መብት መብት እያልን ልጆቹን አበላሸናቸው» የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ትምህርት የቀመሱ፥ ልጅ ያሳደጉ፥ በኃላፊነት ወንበር የተቀመጡ ሰዎችም ይናገሩታል። የሐሳባቸው ፍሬ፥ የሕፃናት መብትና የዓለም ዜግነት የሚባለው ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ልጁን ከአባቱ ያጣላል፤ ለመምህሩ የነበረውንም ክብር ያጠፋል የሚል ነው። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። ልጆቻችንን ያበላሸ ነገር ካለ፥ መብታቸውን ማስተማራችን ሳይሆን፥ በአፍ ያስተማርነውን በእጅ ማፍረሳችን ነው።

በመጀመሪያ «ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» የሚለውን እንመርምር። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ማኅበሩ ስለ ሕፃናት መብት የወጣውን የጄኔቭ መግለጫ የተቀበለው አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ በመስከረም 1917 ነው። እንግዲህ ያ መግለጫ ሲጸድቅ አገራችን በመስኮት የምታይ እንግዳ አልነበረችም፤ ወንበር ነበራት። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲወሰንም ድጋፋቸውን ከሰጡት 48 መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዛሬ የሚሠራበት የሕፃናት መብት ስምምነት ኅዳር 11 ቀን 1982 ወጣ፤ ኢትዮጵያም ግንቦት 6 ቀን 1983 ገባችበት። (የዚያን ጊዜው መንግሥት ለመውደቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፤ መንግሥቱ አለፈ፥ ቃሉ ግን አገሪቱን ይዞ ቀረ።) የአፍሪካ ሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርማ በሐምሌ 1982 የተወሰነው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36፥ ሕፃን በተማሪ ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ውስጥ በአካሉ ከሚደርስ ቅጣት ነጻ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ይህ ሁሉ ካለ ዘንድ፥ ነገሩ የባዕድ ነው ማለት የራስን ፊርማ መካድ ነው።

«ልጁን ከአባቱ ያጣላል» የሚሉትም የሚነቅፉትን ጽሑፍ ያነበቡት አይመስለኝም። ስምምነቱ በአንቀጽ 29፥ ትምህርት ለልጁ የወላጆቹን፥ የቋንቋውንና የባህሉን፥ የአገሩንም አክብሮት እንዲያሳድርበት ያዝዛል፤ ከዚያም አያይዞ ከእርሱ የተለዩትን ሥልጣኔዎች እንዲያከብር ይላል። የአፍሪካው ቻርተር ደግሞ በአንቀጽ 31 ለልጁ ግዴታ ቈጥሮ ይሰጠዋል፤ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ሁልጊዜ ያክብር፥ ባስፈለጋቸውም ጊዜ ይርዳቸው ይላል። የእኛ ሽማግሌዎች ከዚህ የበለጠ ምን ይጠይቃሉ?

የቀረው የአርጩሜው ክርክር ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅጣትና ድብደባ አንድ አይደሉም። የየኔታ አለንጋ ሊቃውንት አፍርቷል ለሚሉንም መልሱ ሩቅ አይደለም፤ በአለንጋ ሥር አልፈው ሊቅ የሆኑትን እንቈጥራለን፤ አለንጋውን ፈርተው ከየኔታ ደጅ ጠፍተው የቀሩትንስ ማን ቈጠራቸው? ዛሬም ተማሪው «የሕፃናትን መብት ዘርዝር» ተብሎ አምስተኛውን ቢረሳ መዳፉ ላይ ማስመሪያ የሚያርፍበት ክፍል አለ። ያ ልጅ ከዚያ ሰዓት የሚማረው ምንድን ነው? ሕግ ማለት ለፈተና የሚሸመደድ ቃል እንደ ሆነ፥ ጕልበት ያለው ግን እንደማይነካው ይማራል። ይህን ትምህርት ደግሞ አይረሳውም፤ አድጎ ሹም ሲሆን ይሠራበታል።

መምህራንን ብቻ ለመውቀስ አልተነሣሁም። በአንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ከተቀመጡ ልጆች ፊት በአነስተኛ ደመወዝ የሚቆም ሰው፥ ያለ አርጩሜ ክፍል የሚገዛበትን ዘዴ ማንም ካላሳየው፥ ራሱ የተማረበትን ዘዴ ቢይዝ አያስገርምም። የመምህራን ማሠልጠኛዎች ይህን ዘዴ እንደ ሒሳብና እንደ ሰዋስው አድርገው ማስተማር አለባቸው። አርጩሜውን ንጠቁት ብሎ ባዶ እጁን መተው ትእዛዝ እንጂ እርዳታ አይደለም።

ስለ ዓለም ዜግነትም የምለው አለኝ። የተባበሩት መንግሥታት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ለትምህርት ካወጡት ግብ ውስጥ ይህ ትምህርት ተቈጥሯል። በክፍል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የባንዲራ ቀለምና የዋና ከተማ ስም ከማስጠናት አያልፍም። በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ የሚማር ልጅ ዓለምን በካርታ ላይ ብቻ መፈለግ የለበትም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ትምህርት የተማረው በኮልፌ የፖሊስ ሠፈር ነው፤ ስድስት ወር ሊቆይ አስቦ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወገኖቹ ጠርተውት ተመለሰ፤ ወዲያውም ተይዞ 27 ዓመት ታሰረ። የኮልፌ ልጅ ይህን ከመምህሩ አፍ ካልሰማው ከማን ሊሰማው ነው?

ከዚያ ወደ ዘነበወርቅ እንውረድ። በዚያ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዙሪያ፥ ለሕክምና ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሕመምተኞች ቤት ሠርተው፥ ልጅ ወልደው ኖሩ። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ ማሠልጠኛ በዚያው ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ የመሠረቱትም የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ነው። የጄኔቩን መግለጫ ያረቀቀችው እንግሊዛዊት ኤግላንታይን ጄብ የሕፃናት አድን ድርጅትን ከመሠረቱት አንዷ መሆኗን ያስተዋለ ሰው፥ ያ የጄኔቭ ወረቀት እስከ ዘነበወርቅ አጥር ድረስ ምን ያህል መንገድ እንደ ተጓዘ ያያል። እኛ ግን በዚያው አጥር ሥር፥ ሰውነቱ ጤናማ የሆነውን ልጅ በአባቱ ሕመም ምክንያት አብረነው እንዳንቀመጥ ሸሸነው። ልጅ በወላጆቹ ሁኔታ ምክንያት እንዳይለይ የሚከለክለው የስምምነቱ አንቀጽ 2 ለዚህ ሰፈር የተጻፈ ይመስላል።

ከዘነበወርቅ ቆሼ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀበረ፤ ከእነርሱ ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከተማው ከሃምሳ ዓመት በላይ የጣለውን ጕድፍ እየለቀሙ ከሚኖሩት መካከል ልጆችም ነበሩ። በተከታዩ ሰኞ ወንበሩ ባዶ በሆነበት ክፍል የቆመ መምህር «ሕፃን በሕይወት የመኖር መብት አለው» የሚለውን መስመር እንዴት አድርጎ ያስጽፍ? እንደ እኔ አሳብ ያን መስመር ማስጻፍ የሚገባው በተለይ በዚያ ቀን ነበር፤ ከሥሩም «ይህን ማን ጥሶታል? ለማን እንጻፍ?» የሚል ጥያቄ መጨመር ነበረበት። ልጆችን ይህ ጥያቄ ያባልጋቸዋል የሚል ካለ፥ ከጥያቄው ይልቅ የቆሻሻው ተራራ ሊያስፈራው ይገባ ነበር።

ጥያቄው ከትንሹ ነገር ሊጀመር ይችላል። ስምና ዜግነት የሕፃን መብት ነው፤ ልደትም ወዲያው ይመዝገብ ይላል ሕጉ። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እኔ የመዝገብ ሥራ የለመድሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ወረቀት የሌለው ሰው በመስኮት ፊት እንዴት እንደሚያንስ አውቃለሁ። የኮልፌ ቀራንዮ የዜግነት መምህራን በመጪው ወር መጻሕፍቱን ለአንድ ሰዓት ይጠፉና፥ ከክፍላቸው ስንቱ የልደት ምስክር ወረቀት እንዳለው ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቍጠሩ። ከዚያም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፉ፤ መምህሩ ፊደሉን ያርምላቸው፥ አሳባቸውን ግን አይንካ። ጽሕፈት ቤቱም በቍጥርና በቀን፥ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ይመልስላቸው፤ መልሱም በክፍሉ ግድግዳ ላይ፥ አርጩሜው በሚሰቀልበት ምስማር ላይ ይሰቀል።