የእርባታ ዓሣን በሽታ በጥቂት ወጪ አስቀድሞ ስለ ማወቅ

በሬው የታመመበት ገበሬ የበሬውን መፍዘዝና ሣር መተው በዓይኑ አይቶ መድኃኒት ይፈልጋል። ዓሣ ግን በውሃ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ፍጥረት ስለ ሆነ፤ ሬሳው በውሃው ላይ ተንሳፎ በሚታይበት ጊዜ በሽታው ከብዙዎቹ ዘንድ ደርሶ ይገኛል። ስለዚህ ዓሣ በሚረባበት አገር ሁሉ የሹማምንት ዋና ጥያቄ፤ በሽታውን በጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ማወቅ እንዴት ይቻላል የሚል ነው።

የጥያቄውን ክብደት የቺሌ አገር ታሪክ ያስረዳል። ቺሌ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በባሕር ላይ በተዘረጋ የመረብ በረት እያረባች ከኖርዌይ ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ለመሆን በቅታ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በቺሎኤ ደሴት አካባቢ የሳልሞንን ደም የሚያሳጣ ተላላፊ በሽታ ተገለጠ። ይህ በሽታ በኖርዌይ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ነበር። ነገር ግን በረቶቹ እጅግ ተቀራርበው፤ ጥበቃውም ከሥራው መስፋፋት ወደ ኋላ ቀርቶ ስለ ነበር፤ በሽታው ከበረት ወደ በረት ተዛመተ። በዓመት ወደ 400,000 ቶን ይጠጋ የነበረው የአትላንቲክ ሳልሞን ምርት በ2010 ዓ.ም. ወደ ሢሶው ገደማ ወረደ፤ ብዙ ሺህ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። መንግሥቱ ሕጉን ያጠበቀው ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ ነው።

ጥበቃ ማለት ዓሣውን ሁሉ መመርመር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ኩሬ ካሉት ዓሦች ከመቶው አምስቱ ታመው እንደ ሆነ፤ መመርመሪያው የማይሳሳት ከሆነ፤ ሳይመርጡ 60 ያህል ዓሣ አውጥቶ መመርመር ከመቶ 95 እጅ በሚሆን እርግጠኝነት በሽታው መኖሩን ያሳያል። ዓሣው 10,000 ቢሆን ወይም 100,000 ቢሆን ቁጥሩ እምብዛም አይለወጥም። ከጤነኛው ይልቅ የደከመውንና አሁን የሞተውን ቢመረምሩ ደግሞ በሽታው በነዚህ ዘንድ ይበዛልና ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ተቆጣጣሪውም ሁሉን ስፍራ በእኩል ከመዞር ይልቅ፤ ጫጩት ከሌላ አገር ወደሚያስመጣውና ከጎረቤቱ ጋር አንድ ውሃ ወደሚጋራው ቢመላለስ ገንዘቡ በከንቱ አይጠፋም።

ከሁሉም የሚረክሰው ጥበቃ መዝገብ ነው። አርቢው በየቀኑ የሞተውን ቆጥሮ ቢጽፍ፤ ቁጥሩ ከልማዱ ባለፈ ዕለት ደወል እንደ ተደወለ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አርቢው ቢናገር እንደሚጎዳ ካወቀ መዝገቡ ሐሰት ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለው፤ አስቀድሞ የተናገረ ሊረዳ፤ የሸሸገ ግን ሊቀጣ ይገባል። ለተናጋሪው የሚከፈለው ካሳ እንደ ብክነት አይታይ፤ የቺሌ ኪሳራ ከዚህ እጅግ ይበልጣልና።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሐይቆቻችን የሚኖረውና በኩሬም የሚረባው ቆሮሶ፤ ቲላፒያ ከሚባለው ዘር ነው። ይህን ዘር የሚገድል ቫይረስ በ2014 ዓ.ም. በእስራኤል ሊቃውንት ተለይቶ ታወቀ፤ በገሊላ ባሕርም ተገኘ፤ በ2017 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለአገሮች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ጫጩት ከውሃ ወደ ውሃ በሚጓጓዝበት ጊዜ በሽታም አብሮ ሊጓዝ ይችላል። እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ብዙ ወጪ ካለበት ላቦራቶሪ ሳይሆን፤ ጫጩት ከሚፈለፈልበት ስፍራ፤ ከአንድ መዝገብና ከአንድ እውነተኛ ጸሐፊ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።