ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር?



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ቤት ወጪና ስለ ጉርብትና ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሩጫ ነው። «ሩጫን ከቤተሰብ ገጽ ጋር ምን አገናኘው? የስፖርቱ ገጽ የት ሄደ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ በኦሊምፒክ ሰሞን ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ ብሔራዊ ቡድን የማይመርጥ ማን አለ? ፌዴሬሽኑ አንድ ጊዜ ይመርጣል፤ እኛ ግን ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ መርጠን ሦስት ጊዜ እንሽራለን።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ጾም ከተፈታ በኋላ ጎረቤቴ ለቡና ጠራችኝ። ጎረቤቴ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ መካኒክ ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ቀነኒሳ በቀለ እያለ ስለ ሌላው ምን ያስወራል?» አሉ ጋሼ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ። «ባለፈው ሚያዝያ ለንደን ላይ ሁለተኛ የወጣው በ41 ዓመቱ ነው እኮ!»

«የፓሪሱ መንገድ ዳገት ነው ይባላል» አለች ባለቤታቸው። «እኔ በ38 ዓመቴ የእንጦጦን ዳገት በታክሲ ነው የምወጣው።»

ትልቁ ልጃቸው የቁጥር ሰው ነው። ሲሳይ ለማ ቫሌንሲያ ላይ 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ መግባቱን፣ ቦስተንንም ማሸነፉን በቃሉ ይዞታል። እንዲህ ያለ ሯጭ ተጎድቶ ከቀረ ቡድኑ ተስፋ የለውም ባይ ነው።

«በእርሱ ፈንታ የገባው ታምራት ቶላስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱማ ተጠባባቂ ነው» አሉ ጋሼ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ተጠባባቂ ምን ጊዜም ተጠባባቂ ነው። ጎበዝ ቢሆን መጀመሪያውኑ ይመረጥ አልነበር?»

የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃቸው ቆሎ እያዞረች ነበር። ሰሐኑን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች። አባትየው ልብ አላሉም። እናትየዋ ግን ስትሸኘኝ በር ላይ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ልጅቷ በትምህርት ቤቷ የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ በተጠባባቂነት ተመድባ ነበር። አንድም ጨዋታ ሳትገባ ዓመቱ አለቀ፤ ከሰኔ ወዲህ ወደ ልምምድ ሜዳ ድርሽ ብላ አታውቅም። «እኔ እኮ ሆዷን እያመማት ይመስለኝ ነበር» አለችኝ እናት።

በዚያች ማታ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ለመሆኑ ተጠባባቂ የሚሆነው ማን ነው? በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ ማሰለፍ አይችልም። ይህ ደንብ ብዙ ሯጭ ለሌለው አገር ምንም አይደለም። እንደ እኛ ላለው አገር ግን አራተኛው ሰው ሌላ ቦታ ቢሆን አንደኛ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ታምራት ቶላን ብናይ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ድልድይና አቀበት የበዛበትን የኒውዮርክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፣ በቦታው ክብረ ወሰን አሸንፏል። ከሦስቱ ውጭ የቀረው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ይህን ስል መራጮቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራቸውን አልመኘውም። ሩጫ አወዳድረን እንምረጥ ቢባል፣ ለቶኪዮው ኦሊምፒክ በ2013 ዓ.ም. ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደርጎ ነበር። ቶኪዮ ላይ የተሰለፉት ሦስቱም ወንዶች ማራቶኑን ሳይጨርሱ አቋርጠዋል። በሰዓት እንምረጥ ቢባል ደግሞ ፈጣን ሰዓት የሚገኘው ሜዳማ ከተማ ውስጥ ነው። የፓሪስ መንገድ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ፣ በድምሩ 436 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ነው።

ስለዚህ መንገድ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኛ ገጽ የሚሆን ነውና። የተቀየሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1789 የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ጠፍቶና ተወዶባቸው ንጉሡ ወዳለበት ወደ ቬርሳይ ያደረጉትን ጉዞ ለማስታወስ ነው። ብዙዎቹ የገበያ ሴቶች ነበሩ። በማግስቱ ንጉሡንና ቤተሰቡን ይዘው ፓሪስ ተመለሱ። የልጅ ዳቦ ያጣች እናት ምን ያህል እንደምትሄድ አስቡት። በፓሪሱ ኦሊምፒክም ለወንዶች ይሰጥ የነበረው የመዝጊያ ቀን ለሴቶች ማራቶን ተሰጥቶ ነበር።

ቅዳሜ ነሐሴ 4 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት ሁላችንም እነጋሼ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የዜና አቅራቢው ድምፅ አይሰማም። ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ያ ቁልቁል የሚያስመልስ ዳገት ላይ፣ ታምራት ከቡድኑ ተነጥሎ ወጣ። የሚከተለው ሲጠፋ ጋሼ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን የወርቅ ሜዳይ ስናገኝ ይህ የመጀመሪያችን ነበር። ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታይ ነበር እንጂ ከእኛ ጋር አልተቀመጠችም።

በሰዓቱ የተመረጠው ደሬሳ ገለታም አምስተኛ ወጥቷልና መራጮቹ ሁሉን ሳቱ ማለት አይቻልም። እኔን የነካኝ ግን ቀነኒሳ ነው። በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያ ሁሉ ወርቅ ያለው ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ቢቀር ማን ይከሰዋል? አልቀረም። ጋሼ ስለ እርሱ ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ እሑድ ሴቶቹ ሮጡ። ትዕግስት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የተወዳደረች ናት። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። ፓሪስ ላይ በመጨረሻው ጥምዝ አዳማ ተወልዳ ለሆላንድ ከምትሮጠው ከሲፈን ሐሰን ጋር ተጋፍታ፣ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። የኢትዮጵያ ወገን አቤቱታ አቀረበ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ስለ ግፊያው የተባለውን ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም።

የከፋው የመጣው በኋላ ነው። አማኔ በሪሶ አምስተኛ ወጥታ፣ መገርቱ ዓለሙ ግን ሩጫውን አቋርጣ ነበር። «ምን ልትሠራ ሄደች? ጎተይቶም ገብረሥላሴ ብትሄድ ኖሮ!» አለ ትልቁ ልጅ። ሌላም ቃል ጨመረ፤ እዚህ አልደግመውም። መገርቱ ከአራት ወር በፊት ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ አራተኛ የወጣች ሴት ናት። ጎተይቶምም በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን፣ በዓመቱ ቡዳፔስት ላይ ሁለተኛ የሆነች ሯጭ ናት። አንዷን ለማንሣት ሌላዋን መጣል ግድ ነው እንዴ? እኔም ይህን ብዬ ተናገርኩ፤ ምናልባትም ለቡና ወግ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ክርክሩ ሲበርድ ልጅቷ፣ «ጎተይቶም ዛሬ ሩጫውን የት ሆና አይታው ይሆን?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ጋሼ ግን ዞር ብለው አዩዋት፤ ቶናውን ሳይጠጡ ትንሽ ቆዩ። «ያ የትምህርት ቤትሽ ቡድን ልምምድ መቼ መቼ ነው?» አሏት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ። ግን እኔ ተጠባባቂ ነኝ።»

«እሱን መች ጠየቅሁሽ?»

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት እናቷ የሸራ ጫማ ገዛችላት፤ ከትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ቆጥባ። አንድ ቅዳሜ ወደ ገበያ ሳልፍ በሜዳው አጥር ገባ አልኩ። ልጅቷ በተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ጋሼ ከአጥሩ ወዲህ፣ ከነሥራ ልብሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአንድ የማያውቁት ወላጅ ጋር ይከራከራሉ። «ስድስት ቁጥሯን አስወጥቶ የእኔን ልጅ ማስገባት ነበረበት» ይላሉ። ሰላም ስላቸው እንኳ ዓይናቸውን ከሜዳው አላነሡም።