ማዳም «መጣች» ወይስ «መታች»?

እናቴ ማንበብ ትችላለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ስለሚቆም ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ወዳለችው የትውልድ ቀበሌዋ ሲደርስ ልጅ ነበረች፤ ቀን ከብት ስትጠብቅ ውላ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጠረች። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ለአገሪቱ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። ለእናቴ ያስገኘላት ደግሞ ውዳሴ ማርያምን፣ የዕድር ደብተርን፣ የመብራት ቢልን፣ እንዲሁም እኔ ፍራሽ ስር የደበቅሁትን የፈተና ወረቀት ራሷ ማንበብን ነው (የመጨረሻው ባይሆንላት ደስ ባለኝ)።

እንግዲህ ይቺው ሴት በ2003 ዓ.ም. አንድ ቀን መሃይም ሆና ዋለች። መሃይም ያደረጋት ብላክቤሪ የሚባል ስልክ ነው።

ቀፎው የመጣው ከዐረብ አገር ነው። ታላቅ እህቴ (እኛ ቤት እታለም ነው የምንላት) እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አሠሪዎቿ አዲስ ስልክ ሲገዙ አሮጌውን ሰጧት፤ እሷም ወደ አገር ለሚመለስ ሰው አስይዛ ላከችልን። ብላክቤሪ ከርቭ 8520። ጥቁር፣ ከታች በኩል ጥቃቅን ቁልፎች የተደረደሩበት፣ ከስክሪኑ ስር በጣት የሚዳበስ ትንሽ ነጥብ ያለው፣ ከላይ በቀኝ ጥጉ ደግሞ መልእክት ሲመጣ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት የተገጠመችለት። ያኔ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ለሰፈሩ ልጆች ስልኩን በሩቁ ብቻ እያሳየሁ አንድ ወር ሙሉ ተከብሬያለሁ።

ብላክቤሪን በፊልም ብቻ ለምታውቁት ልንገራችሁ። የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነው። ቢሮ ላለው፣ ቀጠሮ ለሚበዛበት፣ ኢሜይሉ በየደቂቃው ካልደረሰው ለሚያሳክከው ሰው የተሠራ የንግድ ስልክ ነው። ኦባማ በ2009 እ.ኤ.አ. ፕሬዝዳንት ሲሆኑ «ስልኬን አልሰጥም» ብለው ያስቸገሩበት እሱ ነው። ሱሰኞቹ በዝተው አሜሪካኖች ስሙን ከኮኬይን ጋር አዳቅለው «ክራክቤሪ» እስከማለት ደርሰዋል። ይህ ሁሉ ግዛት ታዲያ የሚሠራው ከቀፎው ጀርባ ባለ አገልግሎት ነው። ኢሜይሉም፣ የብላክቤሪ ሰዎች እርስ በርስ የሚጻጻፉበት መልእክትም፣ በኩባንያው ኮምፒዩተሮች በኩል አልፎ ነው የሚመጣው። እኛ ቤት የገባው ቀፎው ብቻ ነው። አገልግሎቱ ዐረብ አገር ቀረ። የተረፈን መደወያ፣ የጽሑፍ መልእክት፣ ጡብ በኳስ የሚሰበርበት ጨዋታና ቀዩ መብራት ነበር።

ቀዩዋ መብራት ብልጭ ስትል እናቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ስልኩን ታነሣለች። ከዚያ «ነይ እስቲ፣ እህትሽ ናት» ብላ ትጠራኛለች።

ለምን እኔን? እህቴ የምትጽፈው በአማርኛ ነዋ! ግን በላቲን ፊደል። በስልኩ ቁልፎች ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ታትሟል፤ እንግሊዝኛና ዐረብኛ። «ሀሁ» የለም። ብትጽፈውም የእኛው ቀፎ አያውቀውም፤ በፊደል የተጻፈ መልእክት ሲመጣለት ባዶ ሳጥኖች ደርድሮ ያሳያል። ስለዚህ አርባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ሰው፣ ፊደል የቆጠረች ሰው፣ የገዛ ልጇን ደብዳቤ ለማንበብ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ደጅ ጠናች። አንድ ቀን ስልኩን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ብዙ ቆየችና «ማንበብ እኮ እችላለሁ» አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ችግሩ እሷ ጋ ብቻ ቢሆን በተሻለ። እኔም በትክክል አላነብም ነበር። ላቲን «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ቸ»ን ከ«ጨ» አይለይም። «ጠፋ» እና «ተፋ» አንድ ናቸው። ይህ በቀልድ ጊዜ ያስቃል። አንድ ማክሰኞ ማታ የመጣው መልእክት ግን እንዲህ የሚል ነበር፤ ማዳም እንዲህ አደረገች፣ አትደውሉ። ያቺ «እንዲህ አደረገች» ያልኳት ቃል በላቲን ስትጻፍ «መጣች»ም ትሆናለች፣ «መታች»ም ትሆናለች። «መታችኝ» ለማለት አንድ ሁለት ፊደል እንደሚጎድል ይገባኛል፤ ግን ሰው ሲቸኩል፣ ሲደነግጥ ፊደል ይጥላል። እናቴ «ምን አለች?» ብላ ከላዬ ቆማለች።

«ማዳም መጣች፣ አትደውሉ ነው የምትለው» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አንባቢ ብቻ አልነበርኩም፤ ሳንሱር ሆንኩ። እህቴም ይህን ተረድታ «ለእማዬ እንዳትነግሪ» የሚል መልእክት ለየብቻ መላክ ጀመረች። ደመወዝ ሦስት ወር እንዳልተከፈላት፣ ወገቧን እንደሚያማት፣ ስልኩን ባለቤቶቹ ሊቀሟት እንደሚችሉ የማውቀው ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። የጋዜጠኝነት ሙያ የጀመርኩት ያኔ ነው ብል መቀለዴ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም።

(እዚህ ላይ አጎቴን ሳላነሣ ባልፍ ይቀየመኛል። ከእኛ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ላይ፣ የነቀምቴው መንገድ ከሚገነጠልበት ከተማ፣ በቆሎና በርበሬ ይነግዳል። «የንግድ ሰው ስልክ ነው» ሲባል ሰምቶ ብላክቤሪውን ለአንድ ሳምንት ተዋሰ። በቀበቶው ላይ ሰክቶት በገበያው መሃል ተመላለሰበት፤ በአራተኛው ቀን መለሰው። መጋዘን ውስጥ ኩንታል የሚቆጥርበት ባትሪ የለውም፤ ገጠር ሁለት ቀን ካደረ ቻርጁ ያልቃል፤ ከጭነት መኪና ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ማሰቡ ብቻ እንቅልፍ ነሳው። ወደ ኪሱ ኖኪያ ተመለሰ። በእሷ ከገጠር ደላሎቹ ጋር የሚሠራበት የሚስኮል ሕግ ነበረው። አንድ ጊዜ ጮሆ ከተዘጋ መኪናው ተነሥቷል፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ዋጋ ጨምሯል፣ መግዛት አቁም። ሳንቲም ሳያወጣ ወረዳውን ያዝዝበት ነበር። የንግድ ስልክ ማለት ምን እንደሆነ ከካናዳ መሐንዲሶች ይልቅ እሱ ቢጠየቅ ኖሮ እላለሁ።)

ዕድሜዬ ሲጨምር አንድ ነገር ቆጥሬ ተገረምኩ። የመጀመሪያው ብላክቤሪ ለገበያ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሞባይል ስልክ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት፣ በእኛ በ1991 ዓ.ም. ነው። የግእዝ ፊደል የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደላት ቁጥር ስርዓት፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ የገባውም በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስቱ እኩዮች ናቸው! ማለትም ለእናቴ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶት፣ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው ያ ስልክ ቤታችን ገብቶ ሳጥን የደረደረባት። ፊደሉ ተመዝግቧል፤ የሚቀረው አንድ ኩባንያ «እነዚህም ሰዎች ይጽፋሉ» ብሎ ቀፎው ላይ መጫን ነበር።

«ፊደሉ በዝቶ ነው» የሚለውን ሰበብ እንዳታመጡብኝ። ቻይናዎች በሺዎች በሚቆጠር ምልክት ሞባይል ላይ ይጻጻፉ ነበር። የእኛው ሰዎችም ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን የጽሕፈት መኪና ላይ ለማስቀመጥ ደክመዋል፤ እነ ዶ/ር አበራ ሞላና ፍሥሐ አጥላው ደግሞ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት ሠርተዋል። ዐረብኛው ቁልፉ ላይ የታተመው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ ፊደሎቹ እንደየቦታቸው መልክ ይለዋውጣሉ። የታተመው ገበያው ስለሚፈራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስና ሳዑዲ ዐረቢያ «የመልእክቱን ምስጢር ካላሳያችሁን አገልግሎቱን እንዘጋለን» ሲሉ ኩባንያው ተሯሩጦ ድርድር ተቀምጧል። ምዕራብ ጎጃም ማን ነውና ይሯሯጡለታል?

ደግሞ ከኩባንያ ጋር ብቻ መጣላት አልፈልግም፤ ከእናንተም፣ ከራሴም ጋር ጠብ አለኝ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የቆየው የጽሑፍ መልእክት በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ሲከፈት ፊደል የሚጽፍ ቀፎ በብዙ ሰው እጅ ስላልነበረ በላቲን ተጻጻፍን፤ እሺ። ቴክኖ ቁልፋቸው ላይ የአማርኛ ፊደል ያለባቸውን ስልኮች ሲያመጣ ግን «የባላገር ስልክ» ብለን የሳቅነው እኛ ነን። የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ በፊደል የምትጽፍን ልጅ «ዲያቆን» እያልን አስቸግረናታል። በእርግጥ ፊደል በቴክስት ያስወጣል። አንድ መልእክት በላቲን 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ግን እስቲ ቁጠሩት፤ «እንዴት አደርሽ» በፊደል ከክፍተቱ ጋር 9 ነው፣ በላቲን 12። ልዩነቱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ዛሬ ደግሞ ሁላችንም ኪስ ውስጥ የፊደል ኪቦርድ አለ። ለእናታችሁ መጨረሻ የላካችሁትን መልእክት ክፈቱትና በምን እንደጻፋችሁት እዩት።

ነገሩ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የገንዘብ ወሬ ልጨምር። ቡሬ ዙሪያ ያለ የአባቴ ዘመድ፣ አራተኛ ክፍል የደረሰ ገበሬ፣ በቆሎ ሸጠ። ገዢው «በባንክ ላክሁልህ» ብሎ በራሱ ስልክ ላይ የመጣውን የባንክ መልእክት አሳየው። መልእክቱ እንግሊዝኛ ነው። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነውና ገበሬው አነበበው፤ 38,000፣ ልክ ነው። «ኔትወርኩ ዘግይቶ ነው እንጂ አንተም ጋ ይደርሳል» ተባለ፤ መኪናው ተነሣ። ብሩ በእርግጥ ተልኳል፤ ከሳምንት በፊት፣ ለሌላ ሰው። ስሙም ቀኑም እዚያው መልእክት ላይ ተጽፎ ነበር። አጭበርባሪ በአማርኛም ያጭበረብራል የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ነገር ግን ይህ ሰው ስምና ቀን ማንበብ ይችላል። የተነጠቀው ያን የሚችለውን ነገር ነው። አንድ ባንክ ለጎጃም ገበሬ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ማን እንዲያነብለት ነው? የ5ኛ ክፍል ልጁ?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ የሁላችንም ዘመናዊ ስልክ ያቺን ብላክቤሪ ሆኖ ነበር፤ ቀፎ አለ፣ ከጀርባው ያለው የለም። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። በእነዚያ ወራት፣ መስመር በተገኘ ቀን፣ ከእናቴ የሚደርሰኝ አጭር መልእክት ነበር። በፊደል፣ በራሷ ጣት የተጻፈ። አንዱ «ደህና ነን ተኩስ ዛሬ የለም አንቺ ብዪ» ይላል። ነጥብ የለውም፣ ሰረዝ የለውም። ግን «ተኩስ»ን ከምንም ጋር አላምታታሁትም። ማንም አላነበበላትም፣ ማንም አልጻፈላትም፤ ስለዚህ ማንም አልቀነሰበትም።

ወደ ብላክቤሪው ልመለስ። ኩባንያው በድሮዎቹ ስልኮቹ ላይ የሚሰጠውን አገልግሎት ታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ማቋረጡን ያነበብኩት ባሕር ዳር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ገና ነበርና ቤት ስሄድ ስልኩን ጠየቅሁ። እናቴ ከሳጥኗ ውስጥ፣ በጨርቅ ከተጠቀለለበት፣ አወጣችልኝ። ቻርጅ ላይ ብዙ ቆይቶ ተነሣ። መልእክቶቹ አሉ። እህቴ ከተመለሰች ዓመታት አልፈዋል፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ስለዚያ ቤት አታወራም፣ እኛም አንጠይቅም። እናቴ ጓዳ ቡና ስትወቅጥ ያቺን መልእክት ፈልጌ አገኘኋትና ስልኩን ወደ እህቴ አዞርኩት።

«እታለም፣ ይሄ ‹መጣች› ነው ‹መታች›?»

ስልኩን ተቀበለችኝ። በአውራ ጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አደረገችው።

«የትኛው ቀን ነው?» አለችኝ።