ስሙ ብዙ፣ ሥሩ አንድ
ለሰሜን ሸዋ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣

በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ከመምህሩ ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጥ፣ የደብረ ብርሃን ጉልት ነጋዴ ከዕለት ሽያጯ ቀንሳ የምታስገባው፣ የአንኮበር ገበሬ ገብስና ባቄላውን ሸጦ የሚያኖረው ነው። ታማኝነታችሁን አልጠራጠርም። የምቃወመው ገንዘቡን የምትደለድሉበትን አሠራር ነው። በጠቅላላ ጉባኤ የሚነበበው የሒሳብ መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ አራት መስመር አለው፤ ለአባላት የተሰጠ ብድር፣ የባንክ ተቀማጭ፣ የባንክ አክሲዮን፣ ሕንፃ። አራቱ መስመሮች ገንዘቡን አራት ቦታ የተቀመጠ ያስመስሉታል። እኔ የምለው፣ ስማቸው አራት ቢሆንም የቆሙበት ሥር አንድ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ቀውስም ይህን በግልጽ አሳይቶናል። አደላደሉ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ከባንክ ተቀማጩ ልጀምር። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። አንድ ማኅበር 100,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ አስቀምጦ ዋጋ በየዓመቱ በ30 በመቶ ቢጨምር፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ደብተሩ ላይ 122,500 ብር ያህል ይነበባል። ያ ብር የሚገዛው ግን ገንዘቡ በተቀመጠበት ቀን 56,000 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ይህ ጉድለት በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ ተብሎ አይሰፍርም። እንዲያውም ወለዱ "ገቢ" ተብሎ ይመዘገባል፤ ከላዩም የትርፍ ክፍፍል ይታሰባል። አባሉ ጉድለቱን የሚያውቀው ለዓመታት ያጠራቀመውን አውጥቶ ላም ወይም ቆርቆሮ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ።

"በአንድ ባንክ መች አስቀመጥን፣ በሦስት ባንኮች ከፋፍለናል" እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ ባንክ ብቻውን ቢንገዳገድ መከፋፈላችሁ ይጠቅማል፤ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ የሚሸፍነው ቢበዛ 100,000 ብር ነውና ይህን ጥንቃቄ አልነቅፍም። ነገር ግን ሦስቱ ባንኮች ገንዘቡን የት አዋሉት? ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ ያህሉን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ ብድር 20 በመቶውን በመንግሥት የግምጃ ቤት ቦንድ ላይ እንዲያውሉ ታዘዙ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ሲገድብ ገደቡ የነካው ሁሉንም ባንክ ነው። መመሪያ በአንድ ቀን ለሁሉም የሚወጣ ከሆነ፣ በሦስት ባንክ ያለ ገንዘብ መመሪያው ሲመታው አንድ ላይ ይመታል። የባንክ አክሲዮኑም ከዚህ አይርቅም። ባንኮች ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ በ2013 ዓ.ም. ታዝዘዋል፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። እነዚህም ሁሉንም ባንክ አንድ ላይ የሚነኩ ናቸው፤ ተቀማጩን የሚጎዳው ነገር የአክሲዮኑን ትርፍም ይጎዳል ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአባላት ብድሩ ነው፤ ምክንያቱም ደኅንነቱ የሚመዘነው አንድ በአንድ ነው። ብድር ጠያቂው ደመወዙ ይታያል፣ ቁጠባው ይታያል፣ ዋስ ይጠራል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ዋሱ ግን ማን ነው? ብዙ ጊዜ እዚያው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ባልደረባ ወይም እዚያው መንደር የሚያርስ ጎረቤት ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲዘልቅ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ሥራውን አቆመ። በመንገዱ የሚተዳደሩት ባለ ሱቅ፣ ባለ ሆቴልና ባለ መኪና ገቢያቸው በአንድ ሳምንት ደረቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ተበዳሪውና ዋሱ አብረው ይቸገራሉ፤ ቁጠባውን ለማውጣት የሚመጣው አባልም የሚመጣው በዚያው ሳምንት ነው። አርባ ብድር እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አርባዎቹም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዝናብ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ከቆሙ ግን ማኅበሩ የሰጠው አንድ ትልቅ ብድር ነው።

ይህን ለማየት የአንኮበር ታሪክ ይበቃናል። በ1880 ዓ.ም. የጀመረው ክፉ ቀን በከብት በሽታ ገባ። በሬው አለቀ። መሬቱ ነበረ፤ ዘሩም በየጎተራው መጀመሪያ ነበረ፤ ጉልበት ያለው ሰውም ነበረ። ሁሉም ግን በበሬው ላይ የቆሙ ነበሩና የሚያርስ ሲጠፋ ሁሉም አብረው ከንቱ ሆኑ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የተነገረው ያን ጊዜ ነው። የዛሬው የአንኮበር ገበሬ ይህን ትምህርት በኑሮው ይዞታል፤ ደጋው ላይ ገብስና በግ አለው፣ ባሕር ዛፍ ተክሏል፣ የሆነለት ደግሞ ገደሉን ወርዶ ወደ አልዩ አምባ ግድም የቆላ እህል ያርሳል። ውርጭ ገብሱን ቢመታ ቆላ አይደርስም፤ በልግ ቢቀር ባሕር ዛፉ ይሸጣል። ገበሬው የሚቆጥረው የንብረቱን ብዛት አይደለም፤ አንዱን የሚያጠፋው ነገር ሌላውን ይነካ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። የቁጠባው ባለቤት በማሳው ላይ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ከእሱ ማነሱ ያሳዝነኛል።

ይህ በእውቀት ማነስ ብቻ የሚመጣ ስሕተትም አይደለም። ሃርቫርድና ዬል ዩኒቨርሲቲዎች ሀብታቸውን በብዙ ዓይነት ኢንቨስትመንት በማከፋፈል የታወቁ ነበሩ። በ2008 የፈረንጆች ዓመት ቀውስ ከየኢንቨስትመንታቸው ሩቡን ያህል በአንድ በጀት ዓመት አጡ፤ በደህናው ቀን ለየብቻ ሲሄዱ የነበሩት ሀብቶች በክፉው ቀን አብረው ወረዱ።

ጠንካራው መቃወሚያ ሕንፃ ነው። "ብሩ ሲወድቅ ሕንፃው ዋጋውን ጠብቋል፤ የገዙ ማኅበራት ተጠቀሙ" ይባላል። ልክ ነው፤ ከአራቱ መስመሮች ንረትን የተቋቋመው ይኸኛው መሆኑን አልክድም። ሆኖም ማኅበር የሕንፃውን ዋጋ የሚፈልገው አባላት ቁጠባችንን አምጡ ባሉበት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ አንድ ፎቅ ቆርሶ መስጠት አይቻልም። ኪራዩም የሚከፈለው ከዚያው ከተማ ሥራ ነው። ተበዳሪ አባላችሁ ሱቁን ሲዘጋ፣ ምድር ቤት የተከራየው ባለ ሱቅም የሚዘጋው በዚያው ምክንያት ነው። ስለዚህ ሕንፃ ይኑር፤ ነገር ግን ነገ ሊጠየቅ የሚችል ቁጠባ ወደ ሲሚንቶ አይለወጥ።

"ጦርነቱንና የምንዛሪ ለውጡን ማን አወቀ?" የሚለውም መልስ ይገባዋል። ማንም አላወቀም፤ እንድትተነብዩም አልጠይቅም። ውርጭ የሚወርድበትን ሌሊት የማያውቀው ገበሬም ማሳውን ይለያያል። "እኛ ትንሽ ነን፣ አማራጭ የለንም" የሚለው ሐሳብ ግን ከፊል እውነት አለው። ሕጉም ገበያውም ይገድቧችኋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ቢሆንም በእጃችሁ ያሉ ነገሮች አሉ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ ቀበሌ ለሚወጣ ብድር ጣሪያ ማበጀት፣ ዋሱ ከተበዳሪው የተለየ መተዳደሪያ ያለው እንዲሆን መጠየቅ፣ በደጋና በቆላ ወረዳ ያሉ ማኅበራት በዩኒየን በኩል በችግር ጊዜ እንዲበዳደሩ አስቀድሞ መዋዋል፣ ዓመታዊውን ትርፍ ከዋጋ ንረት ጋር አስተያይቶ ማቅረብ አዲስ ሕግ ወይም አዲስ ገበያ አይጠብቁም። አማራጭ ሲያንስ ጥንቃቄው ይበልጥ መጥበቅ ነበረበት፤ እኔ የማየው ግን አማራጭ ማነሱ ላለማሰብ ምክንያት ሲሆን ነው።

ከእናንተ የምጠብቀው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ገጽ እንድትጨምሩ ነው። በአንድ በኩል የማኅበሩ ሀብት በመስመር በመስመር ይስፈር። በሌላው በኩል ከየመስመሩ ትይዩ ያንን ሀብት የሚጥለው ነገር ይጻፍ፤ የዋጋ ንረት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የዝናብ መቅረት፣ የደመወዝ መዘግየት። አንድ ምክንያት ሦስት መስመር ላይ ከተደጋገመ፣ ገጹን ለአባላቱ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ቁጠባቸው እዚያው ይቆይ ወይስ ይነሳ የሚለውንም በእጅ ማውጣት ይወስኑ።

ከአክብሮት ጋር