ለሞቃት ግቢ ከሣር ይልቅ ቡገንቪሊያ

ድሬዳዋ ውስጥ የግቢ ሣር ማልማት ማቆም አለብን ብዬ አምናለሁ። የምንጠጣው ውሃ ሁሉ ከከርሰ ምድር በጉድጓድ የሚወጣ ነው። ቧንቧና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ውሃ ነው፤ ያም ሆኖ ሲጠፋብን በየጄሪካኑ አጠራቅመን የምንጠብቀው ነው። ይህን ውሃ በግንቦትና በሰኔ ሐሩር ማታ ማታ ለሣር ማፍሰስ፣ ሣሩም በማግስቱ ተቃጥሎ ሲውል ማየት ያሳዝነኛል። ግቢያችን አበባ ይኑረው፤ እኔም አበባ እወዳለሁ። ግን ሙቀታችንን የሚወድ አበባ ይሁን። ለዚህ ከቡገንቪሊያ የተሻለ አላገኘሁም።

ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። የግቢዬ ምዕራባዊ አጥር ብሎኬት ነው። የከሰዓት ፀሐይ ሲያግለው ይውላል፤ ሙቀቱም እስከ እኩለ ሌሊት አይለቀውም። ጽጌረዳ እዚያ ጥግ ቅጠሏ ያርራል። ቡገንቪሊያው ግን አጥሩን ተደግፎ ወጥቶ፣ ሐምራዊ አበባውን ወደ መንገዱም አዝምሟል። አላፊ አግዳሚው ጥላው ሥር ቆሞ ስልክ ያወራል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የረገፈውን ለቅመው ደብተራቸው ውስጥ ይከታሉ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው ነገር ነበር፦ ያ ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ነገር አበባ አይደለም። ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መካከሉ ላይ ያለው ነጭ፣ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ በሐሩር ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየውም ለዚህ ነው፤ ስስ የአበባ ቅጠል እንዲህ ያለውን ፀሐይ ብዙ አይችልም።

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊበርት ኮመርሰን በብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ አግኝቶ ለነበረበት የመርከብ ጉዞ መሪ ለቡገንቪል መታሰቢያ ሰየመው። የኮመርሰን ረዳት ዣን ባሬ ሴት መሆኗን ደብቃ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ በመርከቡ የተሳፈረች ነበረች። ዓለምን እንደዞረች የሚታወቅላት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ይህን ታሪክ ለሴት ተማሪዎቼ ሳልነግር ያለፍኩት ክፍል የለም።

ሰዎች «ቅጠል ብቻ ሆነብኝ፣ አላብብ አለኝ» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ ውሃውንና ዩሪያውን ቀንሱለት። ዩሪያ ቅጠል ያበዛል፣ አበባ ያስቀራል። ሥር የሰደደ ቡገንቪሊያ አፈሩ ጠጥቶ እስኪደርቅ ይታገሣል፤ እንዲያውም ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያብበው። በየቀኑ የሚያጠጡት ግን ሥሩ ይበሰብሳል። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጥላ ውስጥ ከተተከለ ማንም አያስተካክለውም። አበባው የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ዙር አብቦ ሲያልቅ ቅርንጫፉን መግረዝ ነው።

የውሃችን ኖራነት አንድ ችግር ያመጣበታል። አንዳንዴ ለጋ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ብዙዎች ውሃ ጥም መስሏቸው ያንኑ ውሃ ይጨምሩበታል። ኖራ የበዛበት አፈር ብረት ለተክሉ አልለቅ ብሎ ነው፤ መድኃኒቱ ኮምፖስት ማብዛትና የዝናብ ውሃ ከጣራ አጠራቅሞ መስጠት ነው።

ለማራባት ገንዘብ አያስፈልግም። የእርሳስ ውፍረት ያለው የጠነከረ ቅርንጫፍ በስንዝር ልክ ቆርጦ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ መትከልና ጥላ ሥር ማቆየት ነው። የተቆረጡት ሁሉ አይበቅሉም፤ ስለዚህ በዛ አድርጎ መትከል ይበጃል። ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ነው። ወደ ጉድጓዱ ሲዛወር አፈሩን ማራገፍ ይገድለዋል፤ ፕላስቲኩን ቀዶ ከነአፈሩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከአጥር ውጭ የተተከለውን ለጋ ፍየል ስለሚቀረጥፈው እስኪጠና ይከለል።

ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንዱ እሾሁ ነው። እውነት ነው፣ ይወጋል። ከበርና ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ ተደርጎ ይተከል። አጥር ላይ ግን እሾሁ ጥቅም ነው። የጠርሙስ ስባሪ ከተሰካበትና ሽቦ ከተጠመጠመበት አጥር ይልቅ፣ ሌባ የሚመልስና መንገደኛን ደስ የሚያሰኝ አጥር ይሻላል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፦ «መጤ ተክል ነው» የሚለው። ስጋቱ መሠረት አለው። የወፍ ቆሎም ለጌጥ ብለን ያመጣነው ነው፤ ዛሬ በሐረርጌ የግጦሽ መሬት እየወረረ ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የወፍ ቆሎ ፍሬውን ወፎች እየበሉ በየሜዳው ይዘሩታል። በየግቢው የምናየው ቡገንቪሊያ ዘር የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው፤ ሰው ቆርጦ ካልተከለው ከግቢ አይወጣም። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለውም ትውልዱ ማዳጋስካር ነው፤ ጎድቶን አያውቅም። ከተማችን ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ የመጣን ሁሉ ተቀብላ ያሳደገች ናት። መጤን መመዘን ያለብን በሚያደርሰው ጉዳት እንጂ በመጣበት ቦታ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ቡገንቪሊያ ያላችሁ፣ ዘንድሮ ስትገርዙ ቅርንጫፉን አትጣሉ፤ ለጎረቤት ስጡ። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ ባዶውን የብሎኬት አጥር ለተማሪዎች ስጧቸውና ያልብሱት። የችግኝ ጣቢያዎቻችን ለሞቃት ቀበሌዎች ብዙ ውሃ የሚፈልጉ ችግኞችን ማደላቸውን ትተው ሙቀት የሚወደውን ያፍሉ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ያግዛል፤ ጉድጓዱ ከአሁኑ ይቆፈር።